ያልተጣሉ ረቂቆች

አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤልዛቤት ቢሾፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 «ዋን አርት» የተሰኘች ባለ19 ስንኝ ግጥም አሳተመች። ግጥሟ አንድ ገጽ አትሞላም። ወደዚያች ገጽ ያደረሷት ከ15 የሚበልጡ ረቂቆች ግን ዛሬም በኒውዮርክ ግዛት፣ ቫሳር ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቢሾፕ ራሷ በ1934 የተመረቀችበት ኮሌጅ ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፈጠራ ጽሑፍ የሚያጠኑ ተማሪዎች ምን ይማራሉ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ ወረቀቶች የተሻለ መልስ አላውቅም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ገና ግጥም አልሆነም። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ ቤት የማይመታ፣ ማስታወሻ የሚመስል ዝርዝር ነው። የንባብ መነጽር ይጠፋል፤ ብዕር ይጠፋል፤ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ አህጉር ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ሰው ይመጣል። ሐዘኑ በሙሉ እዚያው አለ። ለጀማሪ ጸሐፊ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ስሜቱ ሞልቶ ፈሷል፣ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም።

ቢሾፕ ያን ዝርዝር ይዛ ቪላኔል ወደሚባለው ጥብቅ ቅርጽ ገባች። ቪላኔል ባለ ሦስት ስንኝ 5 አንጓዎችና ባለ አራት ስንኝ አንድ መዝጊያ አለው። ግጥሙ ከላይ እስከ ታች የሚመታው ሁለት ዓይነት ቤት ብቻ ነው። ሁለት አዝማቾች ተራ እየጠበቁ ይመላለሱና በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሙሉ ሐሳብ ማሳደር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቃል፤ የዚህ ቅርጽ ጭንቀትም ከዚያ የራቀ አይደለም።

አሁን ቀረብ ብለን እጇን እንይ። ግጥሟ የምትጀምረው ማጣት እንደ ማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚገኝ ነው በሚል ረጋ ባለ ድምፅ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው አንጓ አንባቢውን ታዛለች፤ ቁልፍ ጣል፣ ሰዓት አባክን፣ ቦታና ስም እርሳ እያለች። በአራተኛው አንጓ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ» ትላለች፤ የእናቷን የእጅ ሰዓት እንዳጣች ትናገራለች። ይህ ግማሽ ስንኝ ነው፤ ወዲያው ወደ ቤቶች ታልፋለች። የሕይወት ታሪኳን ያነበበ ተማሪ ግን እዚህ ይቆማል። ቢሾፕ በ8 ወሯ አባቷ ሞቱ። በ5 ዓመቷ እናቷ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሳይተያዩ፣ ልጅ በተመረቀችበት ዓመት እናት አረፉ። ይህ ሁሉ በግጥሙ ውስጥ አንድ ሰዓት ሆነ። ምን መተው እንዳለበት የሚያውቅ እጅ እንዲህ ነው የሚሠራው።

መዝጊያው አንጓ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በመጀመሪያው ረቂቅ የተወደደው ሰው በዓይኑ ይታወሳል፤ በታተመው ግን የቀልድ ድምፁና አንድ የእጅ ወይም የፊት እንቅስቃሴው ብቻ ቀርቷል። በአንዱ ረቂቅ ተናጋሪዋ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው ብላ ታምናለች፤ በታተመው ውስጥ ይኸው ኑዛዜ ተገልብጦ አልዋሸሁም ሆኗል። አንባቢ የሚያምናት ኑዛዜውን ከሰረዘችው በኋላ ነው! ቀድሞም አልፎ አልፎ የላላው ቤት አመታት የተወደደው ሰው ሲመጣ ይበልጥ ይላላል። አዝማቹ ሲመለስ አንዲት ትንሽ ቃል ተጨምራበት ይመጣል፤ ማጣት አይከብድም የነበረው በጣምስ አይከብድም ወደሚል ይወርዳል። ከመጨረሻው ቃል በፊት ደግሞ የማነጻጸሪያዋ ቃል ሁለት ጊዜ ትነገራለች፤ በመካከሏ ቅንፍ ተከፍቶ ገጣሚዋ ራሷን ጻፊው ብላ ታዛለች። ቅርጹ ያን ቃል ግድ ይላል፤ እሷ ልታወጣው አትፈልግም። ቅንፏ የቆመችው በዚህ ትግል መካከል ነው።

ቢሾፕ ለመታገስ አዲስ አልነበረችም። በ1946 በአውቶቡስ ስትጓዝ ካየችው ተነስታ የጻፈችውን «ዘ ሙስ» የተሰኘ ግጥም ያሳተመችው በ1972 ነው።

በሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪው ይህን መስመር ለምን ሰረዘችው ተብሎ ይጠየቃል። በፈጠራ ጽሑፍ ክፍል የራሱ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ጓደኞቹ ሲነጋገሩበት እሱ ዝም ብሎ ይሰማል፤ የአዮዋው የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ከተመሠረተበት ከ1936 ወዲህ ይህ አሠራር በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ተስፋፍቷል። ሁለቱ ክፍሎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፦ ጥሩ ስንኝ ከብዙ ውሳኔ በኋላ የሚገኝ መሆኑን። የታተመው ገጽ ብቻውን ይህን አያሳይም፤ ውሳኔዎቹን ደብቆ ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ በአማርኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ የሰረዛችሁትን ወረቀት አትቅደዱት፤ በኮምፒውተር የምትጽፉም የትናንቱን ቅጂ በዛሬው አትደምስሱት። ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ያስፈልገዋል።