መርማሪው ለምን አይተኛም?

ባለፈው ክረምት፣ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ስድስት ኪሎ ዶርማችን ውስጥ ስምንት ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ፊት ተኮልኩለን ነበር። ከእንጦጦ የወረደው ዝናብ ጣራውን ይደበድባል። መብራት ጠፍቷል። ባትሪው የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠናል። የምናየው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ትሩ ዲቴክቲቭ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ አምስተኛውን ክፍል።

ያላያችሁት ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ረስት ኮልና ማርቲ ሃርት የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ሬጂ ሌዱ የሚባለውን ተጠርጣሪ ሉዊዚያና ውስጥ ከተደበቀበት ጫካ ይይዙታል። እጁ በካቴና ታስሯል። ማርቲ ቤቱን ሲፈትሽ ታግተው የቆዩ ሕፃናት ያገኛል፤ ተመልሶ ይመጣና የታሰረውን ሰው ጭንቅላቱን በጥይት ይለዋል። ረስት ደግሞ የተኩስ ልውውጥ የነበረ እንዲመስል ቦታውን ያሰናዳል። ዶርሙ በጭብጨባ ተናጋ። «እሰይ!» ያለም ነበር። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ አጨብጭቤያለሁ።

ከመካከላችን አንዱ ግን፣ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ በዚያ ዝናብ ወጣ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ስጠይቀው፣ «ታላቅ ወንድሜን ሲደበድቡት እኮ እነሱም ወንጀለኛውን እንዳገኙት እርግጠኞች ነበሩ» አለኝ። ወንድሙ ባልሠራው ስርቆት ተይዞ ከርሞ፣ ኋላ «ስሕተት ነው፣ ሂድ» ተብሎ ነው የወጣው። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ ቁርስ ናት።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ እነዚህን ጨለማ የወንጀል ድራማዎች ለምን እንዲህ ወደድናቸው? ፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል፤ ለፈተና ማንበብ ያቃተው ሰው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነቃል። በሁሉም ውስጥ ደግሞ ያው አንድ ሰው አለ። ይጠጣል፣ ትዳሩ ፈርሷል፣ ልጁ አያናግረውም፣ አይተኛም። ይህ ሰው ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ሼርሎክ ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1887 ብቅ ሲል ወንጀል ለእርሱ እንቆቅልሽ ነበር፤ ሲፈታው ይደሰታል፣ ሲያጣው ይሰለቻል። ኋላ ስዊድናውያኑ ሸቫልና ቫሉ ከ1965 እስከ 1975 በጻፏቸው አሥር ልብ ወለዶች ማርቲን ቤክን አመጡ፤ ጨጓራው የሚያመው፣ ቤቱ የቀዘቀዘበት ተራ የመንግሥት ሠራተኛ። በ1991 በአንድ ዓመት ውስጥ የሄኒንግ ማንኬል ዋላንደር በመጽሐፍ፣ የሔለን ሚረን ጄን ቴኒሰን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ ጤነኛ መርማሪ ማግኘት ችግር ሆነ!

ብዙዎች «የሰው ጨለማ ማየት የራስን ጨለማ ያቀላል» ይላሉ። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። ጨለማ ብቻ ቢሆን ኖሮ በየመንደራችን ሞልቷል፤ ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም ነበር።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምረው። እኛ «መርማሪ» ስንል ምን ይሰማናል? መረመረ የሚለው ግሥ ሰፊ ነው። ሐኪም ይመረምራል፣ ሊቅ ይመረምራል፣ ፈጣሪንም ልብ መርማሪ እንለዋለን። ነገር ግን አንድ የአዲስ አበባ እናት «ልጄ ምርመራ ላይ ነው» ስትል፣ ሆስፒታል ካልሆነ፣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። «ማዕከላዊ» የሚለውን ስም ሦስት ትውልድ በሹክሹክታ ነው ያወጣው፤ በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የምርመራ ቤት ነበር። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ የሚጠይቀውና የሚያሠቃየው በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ይህን ይዞ የሚያድግ ተመልካች፣ መርማሪ የተባለ ሰው ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ ሲያይ፣ ምን እንደሚሰማው ኮፐንሃገን ያለ ተመልካች አይገባውም።

ከዚህም የባሰ አለ። በወንጀል ድራማ ውስጥ አስከሬን ጥያቄ ነው፤ ማን ገደለው? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አስከሬን መንገድ ላይ ሲጣል መልሱ አብሮት ተጽፎ ነበር። ደረቱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ገዳዩ ኩራተኛ ነውና ራሱ ተናግሯል። ማልቀስም ተከልክሎ ነበር። ከዚህ ግቢ፣ ከዚሁ ከስድስት ኪሎ፣ ስንቱ እንደወጣ ቀርቷል። እና የእኔ ግምት ይህ ነው፤ እኛን የሚስበን የመርማሪው መጠጥ ወይም ፍቺ አይደለም። ለማያውቀው ሟች እንቅልፍ የሚያጣ አንድ የመንግሥት ሰው ማየታችን ነው። አንድ ደመወዝተኛ ለአንዲት የተገደለች ልጅ ብሎ ቤቱ ሲፈርስበት ስናይ፣ አላመንነውም፤ ግን ማየቱን መተው አቃተን።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየኝ የዴንማርኩ «ፎርብሩደልሰን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታየው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሃያ ክፍል ነው፣ አንድ ክፍል አንድ ቀን፤ ሟቿም አንዲት ብቻ፣ ናና ቢርክ ላርሰን የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ። መርማሪዋ ሳራ ሉንድ ልጇን ይዛ ወደ ስዊድን ለመሄድ ዕቃዋን ጠቅልላለች፤ አትሄድም። ልጇ ከእጇ ሲወጣ እያየች አትሄድም። ሁሉም ስለ ሉንድ ሹራብ ያወራል። እኔ ግን ልቤ የቀረው የሟቿ ወላጆች ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሌሎች ድራማዎች እናትየዋን በአንድ ጩኸት አስለቅሰው ይሸኟታል። እዚህ ግን ሃያ ቀን ሙሉ ያንኑ ጠረጴዛ እናያለን። ታናናሽ ወንድሞቿ ቁርስ ይፈልጋሉ። አባት ሥራ ይሄዳል፣ መኪናው ውስጥ ይቀራል። ይህ እኮ ልቅሶ ቤት ነው! ጉለሌ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ የዕድር ወንበር ተደርድሮ፣ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእነሱ ቤት ግን ዕድር የለውም፤ ጎረቤትም እንደ እኛ ቡና አፍልቶ አይቀመጥም፤ ለብቻቸው ናቸው። እኔ ከደራሲው ብልኃት ሁሉ የበለጠብኝ ለኀዘን የሰጠው ሰዓት ነው።

እዚያም ውስጥ ዱላ አለ። አባትየው ቴይስ፣ ራማ የሚባለውን የውጭ ዝርያ ያለውን አስተማሪ ገዳይ ነው ብሎ ሊገድለው እስኪደርስ ይቀጠቅጠዋል። ተመልካቹም በልቡ «በለው» ሲል ቆይቷል። ራማ ግን ንጹሕ ነው። ዱላው ከወረደ በኋላ ያንን ምኞታችንን የት እናስቀምጠው? ድራማው አይነግረንም፤ ይዘን እንድንቀመጥ ያደርገናል። ለዚህ ነው ከ«ትሩ ዲቴክቲቭ» አምስተኛ ክፍል ይልቅ ይህን የማከብረው። እዚያ ጥይቱ ክፉ ሰው ላይ ስላረፈ ጭብጨባችን ንጹሕ መስሎን ነበር።

እግረ መንገዴን፣ አሮጌውን መርማሪያችንን ሌባ ሻይን ላንሳ። ስሙ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፣ ጢስ ይስባል፣ ናላው ይዞራል፤ ወገቡ ታስሮ፣ ባለመድኃኒቱ ጫፉን ይዞ፣ ሕዝብ ተከትሎት ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ልማዱ ኋላ በሕግ ተከልክሏል፤ እሰየው። እኔ ግን ስለዚያ ልጅ አስባለሁ። የሌላውን ወንጀል ለማግኘት የራሱ አእምሮ የተቃጠለበት፣ ገመዱ በሌላ ሰው እጅ የሆነ መርማሪ ማለት እርሱ ነው። ማንም ስለ እርሱ አንድ ክፍል ድራማ አልሠራለትም።

ወደ ገዛ ቴሌቪዥናችን ስንመጣ ብዙ የምለው የለኝም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከማዘጋጃ ቤት ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ፣ ቤተሰቤ በአንድ ሶፋ ተሰብስቦ ያየው «ሰው ለሰው» ሲሆን፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ክፉውን ሰው ሙሉ ሰው አድርገን መፍጠር እንችላለን ማለት ነው። ፖሊሱስ? በድራማዎቻችን ፖሊስ ሲገባ ደብተር ይዞ፣ ሲወጣ ካቴና ይዞ ነው። ልጅ የለው፣ ኪራይ የለበት፣ ጥርጣሬ የለበት። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን አራት ኪሎ ተከራይቶ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ርዕሱ ራሱ ሁለት ነገር ብቻ ይዟል፣ ፖሊስንና እርምጃውን። በመካከላቸው መርማሪው የተሳሳተበት ሌሊት የለም።

ለእኔ የእኛ የቆሰለ መርማሪ የሚገኘው ከቴሌቪዥን ውጭ፣ በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ውስጥ ነው። አንበርብር ፖሊስ አይደለም፤ ከጀርመን የተመለሰ ምሁር ነው። እግሩን አጥቷል፣ እንዴት እንዳጣው አያስታውስም፤ ፊልሙ ሁሉ ያንን ፍለጋ ነው። ተበዳዩም፣ ምስክሩም፣ መርማሪውም አንድ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በተከታታይ፣ በየሳምንቱ፣ ከፓስተር እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሩ በሚሄድ አንድ ተራ ሳጅን ቢሠራልን ምን ነበረበት? ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ ከነበሩት እናቶች አንዷ ያየችውን የሚጠይቅ፣ ለምን እንደማትነግረውም የሚገባው ሳጅን።

ስለዚያ ጭብጨባ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። «ትሩ ዲቴክቲቭ»ን እስከ ስምንተኛው ክፍል ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሌዱን መግደላቸው መዝገቡን አዘጋው፣ ሁለቱም ጀግና ተባሉ፤ ዋናው ገዳይ ግን ከ1995 እስከ 2012፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በነፃነት ኖረ። በሕይወት ቢያዝ ኖሮ ሌዱ ይናገር ይሆን ነበር። ማለትም ድራማው ራሱ የሽሮ ሜዳው ልጅ ወገን ነው፤ መልሱን ያዘገየው ሦስት ክፍል ያህል ብቻ ነበር። እርሱ ግን ከአምስተኛው ወዲያ አላየም። ፍላሹ ሎከሬ ውስጥ አለ፤ ሁለት ጊዜ «ጨርሰው» ብዬው ሁለት ጊዜ ወሬ ለውጧል።