አይቀሬ የተባለ ሥልጣን፦ የብሬሽት «አርቱሮ ኡይ» ሲመረመር

ጀርመናዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት «ሊገታ ይችል የነበረው የአርቱሮ ኡይ አነሣሥ» የተሰኘውን ተውኔት የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በፊንላንድ በስደት ሳለ ነው። ለመድረክ የበቃው ግን ደራሲው ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1958 በሽቱትጋርት ከተማ ነበር።

የተውኔቱ ዐቢይ አሳብ ከአርእስቱ ይጀምራል። «ሊገታ ይችል የነበረው» የሚለው ሐረግ፣ የአምባገነንን መነሣት እንደ ድርቅና እንደ ጎርፍ ከሰው አቅም በላይ አድርጎ ለሚያይ አመለካከት የተሰጠ መልስ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአማርኛ ብሂልም የዚሁ አመለካከት ወገን ነው፤ ሰው የሠራውን ሥልጣን ከተፈጥሮ ጋር አጣምሮ ከጥያቄ በላይ ያደርገዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በቺካጎ ነው። ገበያ የቀዘቀዘባቸው የአበባ ጎመን ከበርቴዎች የከተማውን ብድር ለማግኘት፣ በሐቀኝነቱ የተከበረውን አዛውንት ዶግስቦሮን በአክሲዮን ያጠምዱታል። ወሮበላው ኡይ ይህንኑ ገመና ይዞ አዛውንቱን ያስፈራራዋል፤ ነጋዴዎቹንም «ልጠብቃችሁ» እያለ በመዳፉ ያስገባል። ዶግስቦሮ ሂንደንበርግን፣ ኡይ ሂትለርን እንደሚወክሉ ለተመልካች አይሰወርም። በተውኔቱ ውስጥ የሚነደው መጋዘንም በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1933 የተቃጠለው የጀርመን ፓርላማ ነው፤ ብሬሽት አገሩን ጥሎ የወጣው በማግሥቱ ነበር።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ የሚልቀው፣ ኡይ አንድ ያረጀ የሼክስፒር ተዋናይ ቀጥሮ አረማመድ፣ አቋቋም፣ አቀማመጥና አነጋገር የሚማርበት ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ይሥቃል። ትምህርቱ ሲያበቃ ግን በመድረኩ ላይ የቆመው ዓለም የሚያውቀው ሰው ነው። የመሪው ግርማ ሞገስ ተጠንቶ የተገኘ ነው፤ ያስጠናውም የኪነ ጥበብ ሰው ነው።

ይሁንና ተውኔቱ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። በመጨረሻው ትዕይንት ነጋዴዎቹ «በነጻ» እንዲመርጡ ይጠየቃሉ። አንዱ ትቶ ሲወጣ ተኩስ ይሰማል፤ የቀሩት እጃቸውን ያነሣሉ። እዚህ እጅ የሚያነሣው ፍርሃት ብቻ ነው። የጀርመን ታሪክ ግን የከፋ ነገር ይመሰክራል። በጁላይ 1932፣ ሂትለር ገና መንግሥት ሳይጨብጥ፣ ከመራጩ 37 በመቶ ያህሉ ድምፁን ለፓርቲው ሰጥቷል። በማርች 1933 ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለመንግሥት ሲያስረክብ፣ ኮሙኒስቶቹ በእስርና በስደት ከአዳራሹ ርቀው ነበር፤ 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ተቃወሙ፣ 444 እንደራሴዎች ደገፉ። በ1934 ሂትለር የገዛ ጓዶቹን ያለ ፍርድ ካስገደለ በኋላ ደግሞ፣ ስመ ጥሩው የሕግ ምሁር ካርል ሽሚት መሪው ሕግን እንደሚጠብቅ የሚያበሥር ጽሑፍ አወጣ። የፈራ ሰው ዝም ይላል። ሽሚት ግን ከዝምታ አልፎ ለግድያው የሕግ ምክንያት አበጀለት።

ፍጹም ሥልጣን የሚጸናው «ይህ ተገቢ ነውን?» የሚለው ጥያቄ «ከሆነ ዘንድ እንዴት ተገቢ እናድርገው?» በሚል ሲተካ ነው። ብሬሽት ጉቦውን፣ ቃጠሎውንና ተኩሱን በሚያስደንቅ ጥበብ አሳይቷል፤ አሳብ ራሱ የሚንበረከክባትን ሰዓት ግን ለመድረክ አላበቃትም። ስለዚህ ይህን ተውኔት የሚያዘጋጅ ሁሉ ከኡይ አረማመድ ይልቅ፣ እጁን ለማንሣት የሚያመነታውን ነጋዴ አጥብቆ ሊያጠናው ይገባል። ኡይ ሊገታ ይችል የነበረው በዚያ ሰው እጅ ነበርና።