ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለሚሰጠው የንግግርና የጽሕፈት ትምህርት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት በዚህ ቋንቋ መናገርንና መጻፍን መለማመድ ግዴታው ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለት ክፍል የተሰናዳው የተግባቦት እንግሊዝኛ መማሪያ ለዚሁ የታሰበ ነው።

አስቀድመን የሚመሰገንበትን እንናገር። መማሪያው ሰዋስውን ለብቻው አያስሸመድድም፤ ስለ ጥናት ዘዴ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ባህል እያነሣ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን በአንድነት ያለማምዳል። ይህ አካሄድ የሚደገፍ ነው።

ነገር ግን አንድ ዐቢይ ጉድለት እናይበታለን። ተማሪው ስለ ምን እንደሚናገር ይነገረዋል እንጂ ለማን እንደሚናገር በቂ ልምምድ አያገኝም። በደብረ ብርሃን ጤና የተማረ ወጣት ነገ አንኮበር ቢመደብ፣ በሽተኛዋ እናት የምትጠይቀው በአማርኛ፣ ምናልባትም በአርጎብኛ ነው። በእንግሊዝኛ የተማረውን በእርሷ ቃል መግለጽ ካቃተው፣ መድኃኒቱ ያለ አግባብ ይወሰዳል፤ ዕውቀቱም ከደብተሩ አይወጣም።

የንግግር ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው «በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋቹ ማር ወይም ፈረስ እየተወራረደ፣ ምሳሌ እየጠቀሰ፣ በዳኛና በሸንጎ ፊት ይከራከር ነበር። የባላጋራውን ቃል አጥርቶ ያልሰማ መልስ ስለማይኖረው፣ ማዳመጥ የመናገር መሠረት መሆኑን ሸንጎው ራሱ ያስተምር ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ይህን ስንል እንግሊዝኛ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የዓለም ዕውቀት በር ነውና። የምንመክረው፣ ተማሪው ስለ ጤና በእንግሊዝኛ ከተናገረ በኋላ ያንኑ ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ላልተማረ ገበሬ እንደሚያስረዳ ሆኖ በአምስት ደቂቃ ደግሞ እንዲናገር ነው። ጓደኞቹም የንግግሩን ማማር ሳይሆን የተረዱትን መልሰው በመናገር ይፍረዱት። ይህ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ቢይዝ እንኳ በትንንሽ ቡድን ተከፍሎ ይሠራል። መምህሩም ማርኩን በጽሑፍ ፈተና ብቻ ሳይወስን ለዚህ ልምምድ ድርሻ ቢሰጥ፣ ተማሪው ይተጋበታል። የመናገር ፍሬ የሰሚው መረዳት ነውና፣ ትምህርቱም በዚሁ ሊመዘን ይገባዋል።