ደንበኛው ንጉሥ በነበረ ጊዜ

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሕፈት በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ቃሉ ከውጭ አገር የመጣ ቢሆንም አማርኛ ለብሶ የኛ መስሏል። ንግድ የጀመረ ወጣት ሁሉ ያነበዋል፤ ከንባቡም የሚቀስመው ትምህርት ይህ ነው፦ ገዥ ሲመጣ ተነሥተህ ተቀበል፤ ፈገግ በል፤ ለስላሳ ቃል ተናገር፤ ለጠየቀህ ሁሉ እሺ በል፤ ያን ጊዜ ወዳጅህ ይሆናል፤ ወዳጅህም ከሆነ ገንዘቡ ያንተ ነው። ይህ ትምህርት እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ደንበኛው በእውነት ንጉሥ የነበረበት አንድ ታላቅ ውል በአምባሰል ምድር ተፈርሟል። ያን ውል የጦር ታሪክ ጸሐፊ በሚያነብበት ዓይን ሳይሆን ነጋዴ በሚያነብበት ዓይን አንብበን እንተቸው።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር 20 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ስለ ኢጣልያ የፈረመው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበረ። ይህ ሰው በድንገት የመጣ እንግዳ አልነበረም። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ሸዋ የተመላለሰ፣ አገሩንና ሰዉን የለመደ፣ በግንቦት 1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር አስቀድሞ የንግድ ውል የተዋዋለ፣ ከአሰብ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣውንም መንገድ ለማስከፈት ከአውሳው ሡልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬ ጋር የተስማማ ሰው ነበረ።

ለሰው የሚገባውን መስጠት ይገባልና አንቶኔሊን በዚህ ልናመሰግነው እንችላለን። አዲስ ደንበኛ የሚፈልግ ነጋዴ ሊያደርገው የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ገዥው ወዳለበት በእግሩ ሄደ፤ ዓመታት ታገሠ፤ ደንበኛው የሚሻውን ነገር አወቀ፤ ምኒልክ የሚሹት መሣሪያ ነበርና መሣሪያ አመጣለት፤ የዕቃው መንገድ እንዳይዘጋ በመንገዱ ላይ ያሉትን ባላባቶች ወዳጅ አደረገ። ዛሬ ስለ ንግድ ወዳጅነት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምን ያስተምራሉ? ትዕግሥት፣ እንግዳነት፣ ስጦታ፣ የአገር ዕውቀት፣ ሁሉም ነበረ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ የጎደለውም አንድ ነገር የቀረውን ሁሉ አፈረሰው።

ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፣ በአማርኛና በኢጣልያንኛ። በአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቃል ግን እንዲህ ለማድረግ አስቀድመው እንደ ተስማሙ አድርጎ ያስራቸዋል። በአማርኛው በር ተከፍቶለት መግባትም መተውም የሚችል ሰው ነበረ፤ በኢጣልያንኛው ያ ሰው ከሌላ በር እንዳይወጣ ተደረገ። በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢጣልያ ይህን አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክም ስለ ዘውዳቸው ለነገሥታቱ በጻፉ ጊዜ ጉዳያቸውን በኢጣልያ በኩል ማድረግ እንደሚገባቸው የሚናገር መልስ ደረሳቸው። ደንበኛው ንጉሥ ነበረ፤ ሻጩ ግን ደንበኛውን ለራሱ ንብረት አድርጎ አስመዝግቦት ኖሯል።

ቃሉን ያጣመመው ማን ነው፣ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በአስተርጓሚ ጉድለት ነው በማለት የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለነጋዴ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ሁለቱ ቃላት እንደማይስማሙ አስታወቁ። አንቶኔሊም በዚያ ዓመት ተመልሶ መጥቶ ተነጋገረ፤ ንግግሩም ሳይሰምር ተለያዩ። እንግዲህ መጀመሪያ የተደረገው ስሕተት ነው ብንል እንኳ፣ ስሕተቱ ከተነገረ በኋላ የሚደረገው ስሕተት አይደለም። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ሳያውቅ አጉድሎ ቢሸጥ ሰው ይቅር ይለዋል፤ ሚዛንህ ጎድሏል ተብሎ ሲነገረው «ሚዛኑ የኔ ነው፤ እንደ መዘነ ይጽና» ቢል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌባ ነው። የንግድ ወዳጅነት የሚፈተነው ፊርማው በሚፈረምበት ቀን አይደለም፤ ስሕተቱ በተገለጠበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልጥ አንባቢ ሊከራከረኝ ይችላል። «ተንኰል ባያዋጣ ኖሮ ኢጣልያ በባሕሩ በኩል የያዘችውን መሬት እንዴት ይዛ ቀረች?» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እርግጥ ነው፣ ያን መሬት ከዓድዋም በኋላ አልለቀቀችም። ነገር ግን ያን ያገኘችው በ17ኛው አንቀጽ አይደለም። ስለ ወሰን የሚናገረው አንቀጽ ሌላ ነው። በተጣመመው ቃል ልትይዝ የፈለገችው መላዋን ኢትዮጵያ ነበረ፤ በዚያ ቃል ግን አንድ ጋሻ መሬት እንኳ አልጸናላትም። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ተሰረዘ። የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ከሁለቱም ወገን አለቀ። የአንድ ቃል ትርፍ ይህን ያህል ኪሣራ ካመጣ፣ ተንኰል ብልጠት ነው የሚለው ሰው ሒሳቡን እንደ ገና ያስላ።

ትችቱን ግን በሻጩ ላይ ብቻ ብናቆመው አድልዎ ይሆንብናል። በገዥውም በኩል ሦስት ጉድለት ነበረ። አንደኛው፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈውን ውል ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቅ የራስ ሰው ቃል በቃል ሳያስተያየው መፈረሙ ነው። ሁለተኛው፣ በመስከረም 1882 ዓ.ም. በተደረገው ተጨማሪ ውል የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲወሰድ የሐረር ጉምሩክ ገቢ መያዣ መሆኑ ነው፤ ሻጭህ አበዳሪህም ከሆነ ዋጋ የምትከራከርበት አፍ አይኖርህም። ሦስተኛው፣ ከአንድ ወዳጅ ብዙ መጠበቅ ነው። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» የሚባለው ለወዳጅ በማዘን ብቻ አይደለም፤ ማሩ ሲያልቅ እንጀራህን በምን እንደምትበላ አስብ ማለትም ነው።

ምኒልክ የተመሰገኑበት ግን ጉድለቱን ባረሙበት መንገድ ነው። በአንድ ነጭ ስለ ተከዱ ነጭን ሁሉ አላባረሩም። የስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ አማካሪያቸው ሆኖ ቆየ፤ ከፈረንሳይ ነጋዶችም ጋር መገበያየታቸውን አልተዉም። ከውጫሌ ውል በፊትም ቢሆን ሻጫቸው አንድ ብቻ አልነበረም። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ በቅፍለት አምጥቶ ሸጦላቸዋል። የራምቦም ነገር ለነጋዴ ትምህርት ነው፤ ማኅበርተኛው ላባቱ ሞቶበት ስለ ነበረ የሟቹ ዕዳ ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ያሰበውን ትርፍ በላበት። አዲስ ገዥ ከመፈለግ በፊት የማኅበርተኛን ዕዳ ማወቅ ይቀድማል።

እንግዲህ በአገራችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚባለውን ተረት እዚህ ላይ እንተቸው። ይህ ቃል ለፈሪ መጠጊያ እንጂ ለነጋዴ መመሪያ ሊሆን አይችልም። ምኒልክ ቢሰሙት ኖሮ ከአንቶኔሊ ጋር እንደ ታሰሩ በቀሩ ነበር። በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሱቅ የከፈተ ወጣት ቢሰማው የሚሸጠው ለአጎቱና ለጎረቤቱ ብቻ ነው፤ እነሱም በዱቤ ይወስዳሉ፤ ዘመድ ነውና አይጠየቅም፤ ሱቁም በይሉኝታ ይዘጋል። ሰይጣን ስለ ታወቀ መልአክ አይሆንም፤ እንግዳም ስለ ተጠና ወዳጅ ይሆናል። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ይመሰክራል። ከቆላ የሚወጣው አፋርና ከደጋ የሚወርደው አማራና ኦሮሞ በቋንቋ ሳይመሳሰሉ በየሳምንቱ ይገበያያሉ። ያገናኛቸው ዝምድና አይደለም፤ ባለፈው ሰኞ የተነገረው ቃል በዚህ ሰኞ ጸንቶ መገኘቱ ነው።

ቃል እንዲጸና ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። ከውጫሌ ብዙ ሳይርቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ይገኛል። አባቶች በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ የገዳሙን መጻሕፍትና ንብረት፣ ስጦታና ርስቱን ይመዘግቡ ነበር። የጻፉትም ሁሉም በሚያከብረው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ማኅበሩ ያነበዋል፣ ቢፋቅ ይታወቃል፣ የሚክድ ሰውም የሚክደው ወንጌል ፊት ቆሞ ነው። የሐይቁ መዝገብና የውጫሌው ውል ሁለቱም ጽሕፈት ናቸው። አንዱ ሁሉም በሚያነበው አንድ ቃል ተጻፈ፤ ሌላው አንዱ ወገን ብቻ በሚያነበው ሁለተኛ ቃል ተጻፈ። ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው፤ ይህም ይበቃል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ የራሱን ድካም በርካሽ ሸጦ የሌላውን ድካም በውድ እንደሚገዛ አሳስበው ነበር። ይህ ለመንግሥት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ዛሬ ከወሎ ብዙ ወጣት ወንድና ሴት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ይሄዳል። ጉልበቱን የሚሸጥ ሰውም ነጋዴ ነው፤ የሚሸጠው ከሸቀጥ ሁሉ የከበረውን ነው። ታዲያ ስንቱ ነው በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ፣ ደላላው «ያው ነው፤ ፈርሚ» ስላላት ብቻ፣ ስሟን የምታኖር? ይህች ልጅ በይስማ ንጉሥ ሜዳ ላይ ቆማለች። ንጉሡ ጦር ነበራቸው፤ እሷ ግን የላትም።

ደላላ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የአገራችንን የእህል ገበያ ያጠኑት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እንዳሳዩት፣ ነጋዴ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲገበያይ ደላላው ዕቃውን በማየትና ሁለቱን በማገናኘት እንደ ዓይንና እንደ ምስክር ሆኖ ያገለግላል። እሳቸው የመሠረቱትና በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው። እህሉ ተመዝኖ፣ ደረጃው ታውቆ፣ ተጽፎ ከቀረበ ሻጭና ገዥ ሳይተያዩም ሊተማመኑ ይችላሉ። ስለዚህ ደላላን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሚናገረው አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?

ወጣቶች ሆይ፣ አዲስ ደንበኛ ለመፈለግ ስትወጡ እንደ አንቶኔሊ ተጓዙ፣ እንደ አንቶኔሊ ግን አትጻፉ። የሐይቅን ዓሣ ወይም የአምባሰልን ማር ይዛችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ ለናሙና ያሳያችሁትና በማግሥቱ የምትጭኑት አንድ ይሁን። መጀመሪያ ትንሽ ቃል ስጡ፤ ያን ፈጽሙ፤ ከዚያ ትልቁን ስጡ። ዱቤ ብትሰጡ መጠኑንና ቀኑን በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ ገዥው ማንበብ ባይችል እሱ የመረጠው ሰው ያንብብለት። አንድ ገዥ ብቻ፣ አንድ አበዳሪ ብቻ፣ አንድ ደላላ ብቻ አይኑራችሁ። ስሕተታችሁ ሲነገራችሁ ከደንበኛው ቀድማችሁ ሚዛኑን አስተካክሉ፤ ያን ቀን የምትከስሩት ጥቂት ብር ነው፤ የምታተርፉት ግን ሌላ አሥር ሰው ይዞ የሚመጣ ምስክር ነው።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውም ጽሕፈት ከግድግዳው መውረዱ አያሳዝነኝም። ንጉሥን የሚያታልሉት ደጅ የሚጠኑት ናቸውና። ደንበኛ ንጉሥ ሳይሆን ሰው ነው፤ ውሉን በገዛ ቋንቋው አንብቦ እንዲፈርም የሚገባው ሰው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶች። በውጫሌ የተሰወረው ቃል ሊጠራ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ የናንተ ግን ከመፈረሙ በፊት ይጥራ።