የገጽ ዋጋ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መጽሔቶችና የልቦለድ ዕጣ

ኤድጋር አለን ፖ ሲነሳ ጎልቶ የሚወራው ስካሩ፣ ችግሩና ጨለማ የወረሰው ምናቡ ነው። የመጽሔት አዘጋጅነቱ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋል። ይህ ከባድ ጉድለት ይመስለኛል። ፖ በ1841 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊላደልፊያው «ግራሃምስ መጽሔት» በዓመት 800 ዶላር ደመወዝ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል እትም ለወንጀል ምርመራ ልቦለድ መነሻ የሆነውን «የሩ ሞርግ ግድያዎች»ን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እዚያው መጽሔት ላይ የናታኒኤል ሆቶርንን ትረካዎች ሲሄስ፣ ዛሬም በየሥነ ጽሑፍ ክፍሉ የሚጠናውን ሐሳብ አሰፈረ፤ አጭር ልቦለድ አንባቢው ከመቀመጫው ሳይነሳ የሚጨርሰው፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንስቶም ለአንድ ውጤት ብቻ የሚተጋ ሊሆን ይገባዋል የሚል።

ይህን ሐሳብ እንደ ንጹሕ የውበት ፍልስፍና ማንበብ ተለምዷል። እኔ ግን በመጀመሪያ የአዘጋጅ ሐሳብ ነው ባይ ነኝ። በየወሩ የተወሰኑ ገጾችን መሙላት ያለበት ሰው፣ በአንድ እትም ተጀምሮ በዚያው የሚቋጭ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያውቃል። ያለፈውን እትም ያላነበበ አዲስ ገዢ ግራ አይጋባም፤ የሚቀጥለው ቢዘገይም ታሪኩ አይጎድልም። ከዚህ የሥራ ዕውቀት ተነስቶ የኪነት ሕግ መደንገጉ የፖን ታላቅነት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ያጎላዋል።

ከበስተጀርባ ደግሞ ሕግ አለ። በ1790 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ከለላ የሰጠው ለዜጎችና ለነዋሪዎች ብቻ ነበር። የኒው ዮርክ አሳታሚ የቻርልስ ዲከንስን ልቦለድ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ማተም ይችላል፤ የአገሩን ልጅ ግን መክፈል አለበት። ታዲያ ስሙ ያልታወቀውን አሜሪካዊ ለምን ያትማል? ዲከንስ በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ ጉዳዩን በአደባባይ ቢያነሳ ብዙ ጋዜጦች ተቆጡት። ሕጉ የተሻሻለው ገና በ1891 ነው። ፖ በ1845 «ብሮድዌይ ጆርናል» ላይ ባወጣው መጣጥፍ፣ የዓለም አቀፍ ቅጂ መብት አለመኖሩ ደራስያንን ከመጽሐፍ አሳታሚዎች ደጅ አባርሮ ወደ መጽሔቶች እንደነዳቸው በምሬት ጽፏል። አጭር ልቦለድ በአሜሪካ ያን ያህል መጎልበቱን በሕዝቡ ጥድፊያ ወይም በአገሩ ወጣትነት የሚያብራሩ ሐያስያን ይህን ምስክርነት ዘለውታል። ድርሰቱ ከመጽሐፍ ገበያ ተገፍቶ መጽሔት ውስጥ ያደገ ነው።

በጁን 1850 የተጀመረው «ሃርፐርስ» ከዚሁ ሕግ በተቃራኒ በኩል ተጠቃሚ ሆነ። የእንግሊዝ መጽሔቶችን ምርጥ ጽሑፎች እየለቀመ ያትም ነበር፤ ገበያውም ፈጥኖ ሰፋ። አሳታሚዎቹ «ብሊክ ሃውስ»ን በተከታታይ ሲያወጡ ለዲከንስ የከፈሉት ሕግ አስገድዷቸው አይደለም፤ ገና ያልወጡትን ገጾች ከተፎካካሪ ቀድመው እጃቸው ለማስገባት ነው። በ1853 የተነሳው «ፑትናምስ» በአንጻሩ የአሜሪካውያንን ወጥ ሥራ ለማተም ቆረጠ። ሄርማን ሜልቪል በገጽ 5 ዶላር እየተከፈለው «ባርትልቢ»ን በዚያው ዓመት መጨረሻ ያሳተመው እዚያ ነው። ገልባጭ ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረ ሰው «አልገለብጥም» የሚልበት ታሪክ፣ ከሌላ አገር መገልበጥን ባልፈለገ መጽሔት ላይ ወጣ። መገጣጠሙን የማቀርበው እንደ ንባብ እንጂ እንደ ደራሲው ዕቅድ አይደለም፤ ሜልቪል በዚያው ወቅት ለ«ሃርፐርስ»ም ይጽፍ ነበርና። ቢሆንም ታሪኩን ከመጽሔቱ ነጥሎ በመድበል ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ድምፅ አይሰማም።

ገንዘቡ ግን ዝምታንም ይገዛ ነበር። ሉዊስ ጎዲ በ1830 የጀመረው «ጎዲስ ሌዲስ ቡክ»፣ በእጅ ቀለም በተቀቡ የፋሽን ሥዕሎቹ የሚታወቀው መጽሔት፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ 150,000 ያህል ደንበኞች ነበሩት። ሣራ ጆሴፋ ሄል ከ1837 እስከ 1877 አዘጋጅታዋለች፤ ለሴቶች ትምህርት ያደረገችው ሙግት ሊከበርላት ይገባል። ይሁንና የደቡብ ደንበኞች እንዳይቀየሙ መጽሔቱ ስለ ባርነት ትንፍሽ አይልም። ግሬስ ግሪንውድ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው ጸሐፊ፣ ባርነትን በሚቃወመው የዋሽንግተኑ «ናሽናል ኢራ» ላይ በመጻፏ ስሟ ከ«ጎዲስ» ሽፋን ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከጁን 1851 እስከ ኤፕሪል 1852፣ ያው «ናሽናል ኢራ» የሃሪየት ቢቸር ስቶውን «የአጎት ቶም ጎጆ» በተከታታይ አወጣ። ዘመኑን ያናወጠው ልቦለድ የመጣው ውበትና ጨዋነት ከሞላባቸው ገጾች አልነበረም።

በ1857 በቦስተን የተመሠረተው «አትላንቲክ» ባርነትን በግልጽ ቢቃወምም ለጥቁር ደራስያን በሩን የከፈተው በስስት ነው። በ1864 የሻርሎት ፎርተንን ማስታወሻ ቢያትምም፣ የጥቁር አሜሪካዊ አጭር ልቦለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1887 ነው፤ የቻርልስ ቼስነትን። ጥቁሮች ግን ይህን ሳይጠብቁ የራሳቸውን መጽሔት አቋቁመው ነበር። ቶማስ ሃሚልተን በጃንዋሪ 1859 በኒው ዮርክ የጀመረው «አንግሎ አፍሪካን መጽሔት» በዚያው ዓመት የፍራንሲስ ሃርፐርን «ሁለቱ ጥያቄዎች» አወጣ፤ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ካሳተመቻቸው የመጀመሪያዎቹ አጫጭር ልቦለዶች አንዱ ነው። የማርቲን ዴላኒ «ብሌክ»ም መታተም የጀመረው እዚያ ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ የደቡብ ግዛት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ባሪያዎችን ለአመፅ ያደራጃል፤ በኋላም ወደ ኩባ ይሻገራል። ልቦለዱ ከ1861 እስከ 1862 በሳምንታዊው «አንግሎ አፍሪካን» ጋዜጣ እንደገና በተከታታይ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የወጡባቸው እትሞች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1970 ነው።

አንዳንድ ሐያስያን «ብሌክ»ን መዋቅሩ የላላ፣ ፍጻሜው የጎደለ ልቦለድ ነው ብለው ይነቅፉታል። ነቀፋው ሚዛኑን ስቷል። መዋቅሩ በየሳምንቱ ለሚጠብቅ አንባቢ የተሠራ ነው። መጨረሻ የሌለውም ዴላኒ መቋጨት ስላቃተው ሳይሆን፣ ቤተ መጻሕፍት «አትላንቲክ»ን በሙሉ ቅጽ ጠርዘው ሲያስቀምጡ የጥቁሮችን ጋዜጣ እትሞች አሟልቶ ያኖረ ባለመኖሩ ነው።