ከስፌቱ በፊት

የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ሆድ የሚከፈት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አይነካም። ሐኪሙ የሚገባው ሕፃኑ መውጣት አቅቶት በቆየበት በዚያው በብልት በኩል ነው። ምጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲጎተት የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛውን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይረግፋል፤ ፊስቱላ በሚባለው በዚህ ቀዳዳ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል።

የምትታከመው ሴት ጀርባዋ ላይ በተወጋችው መርፌ ከወገቧ በታች ደንዝዛለች። እግሮቿ ተሰቅለዋል፤ አልጋው በራስጌ በኩል ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ ከኩላሊት የሚወርዱት የሁለቱ ቱቦዎች አፍ ይፈለጋል። ለቀዳዳው ቅርብ ከሆኑ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባባቸዋል፤ አለዚያ መርፌው ሳይታወቅ አብሮ ሊሰፋቸው ይችላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። ያረጀ ነጠላ ጎትቶ የጣፈ ሰው ያውቀዋል፤ ክሩ ይይዛል፣ ጨርቁ ግን ከጎኑ ይተረተራል። ፊኛም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለመስፋት አይቸኩልም። በቀዳዳው ዙሪያ በምላጭ ይቀድና ፊኛውን ከብልት ግድግዳ በመቀስ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ያላቅቀዋል። ጠባሳው እንደ ቁርበት ደርቋል፤ መቀሱ ትንሽ ከጠለቀ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ሁለቱ ጠርዞች ሳይጎተቱ ሲገናኙ፣ ያኔ መርፌ ይነሳል። የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች የሚውሉት ማዕዘኖቹ ላይ፣ ከቀዳዳው ጫፍ አለፍ ብለው ነው።

በዚህ ቀዶ ሕክምና የታወቁት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሙያውን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። በፊስቱላ ታመው ከገጠር አዲስ አበባ መጡ፤ ከፊስቱላ ሐኪሞቹ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ጎን ቆመው እያዩ፣ እያገዙ ቀሰሙት። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሐኪሞችም ከእሳቸው እጅ ተምረዋል።

ፊኛው ተሰፍቶ ሲያበቃ በካቴተር ሰማያዊ ቀለም ይሞላበታል። ሁሉም ዓይኑን ስፌቱ ላይ ይተክላል። አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ብቅ ካለች ያ ቦታ እንደገና ይሰፋል። ካላለች የብልቱ ግድግዳ በላዩ ይዘጋል። ካቴተሩ ግን ሁለት ሳምንት ያህል አይወጣም፤ ፊኛው ሞልቶ አዲሱን ስፌት እንዳይወጥረው።