ተፈትቶ የሚሄድ ጌጥ

ስለ አዲስ አበባ ታክሲ ውበት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥቅሱ ነው። ከሹፌሩ ጀርባና ከበሩ በላይ ተለጥፎ አንድ ጊዜ የሚያሥቀን፣ አንድ ጊዜ የሚመክረን፣ አንዳንዴም ሂሳብ ሳንከፍል እንዳንወርድ የሚያስጠነቅቀን ጽሑፍ ተመልካችም ተቺም አላጣም። ማንበብ የለመደ ዐይን ወደ ፊደል መሮጡ አያስገርምም። ከፊደሉ ፈቀቅ ብለን ጋቢናውን ራሱን፣ ሹፌሩ እጁ በሚደርስበት ስፍራ ሁሉ የደረደረውን፣ የለበጠውንና የሸፈነውን ያየንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው፤ በተለይም ጡጫ ስለማታህል አንዲት ነገር፣ ስለ ማርሽ ዘንግ ራስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መኪናው ያረጀ ነው፤ በሩ በሽቦ ታስሯል፣ የወንበሩ ስፖንጅ ወጥቷል። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ስድስት ኪሎን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ቀኝ እጃቸው ያረፈበትን ነገር አየሁት። ፋብሪካ የሠራው ጥቁር ፕላስቲክ አልነበረም። ከወይራ እንጨት የወጣ፣ በብዙ ዓመት መዳፍ የተወለወለ ድብልብል ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አገኟት?» አልኳቸው።

«ቶርኖ ቤት ነው ያስወጣኋት» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው «መኪናው የሰው ነው የኔ ልጅ፤ የኔ ይቺ ናት» አሉ።

ከወራት በኋላ በዚያው መሥመር ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ እሳቸው ናቸው፤ በእጃቸው ሥር ያለችውም ያችው ወይራ። የቀድሞውን መኪና ባለንብረቱ ሸጦት ኖሯል። «ጠዋት ደውሎ ቁልፍ አስረክብ አለኝ፤ አስረከብኩ። ስድስት ዓመት የነዳሁት መኪና ነው። እሷን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋቢና በገባሁ ቁጥር ዐይኔ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው ማርሹ ላይ ሆኗል።

የናይሮቢን ማታቱ ያየ ሰው ሥዕሉ ከውጭ መሆኑን ያውቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተዋቸው ከሄዱ ጂፖች የተወለደው የማኒላው ጂፕኒም ጌጡን ለመንገደኛ ሁሉ ያሳያል። የእኛ ታክሲ ግን ለረጅም ዘመን ከውጭ ሰማያዊና ነጭ እንዲሆን የታዘዘ ነው። ሴይቼንቶዋም፣ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳችው ላዳም፣ በኋላም ሚኒባሱ ይህንኑ ለብሰው ኖረዋል። ውጭው የደንብ ልብስ ሲሆን ያማረው ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ውስጥ ይገባል። የጋቢናችን ጌጥ የመጀመሪያ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የከበደ ነው። ከብዙዎቹ ሚኒባሶች መሪ ጀርባ የተቀመጠው ሰው የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስረክባል፤ ከነዳጁና ከገቢው የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ነገ ቁልፍ መልስ ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጣሪያ አያስለብጥም፣ ወለል አያስቀይርም። የሚገዛው የሚፈታ፣ የሚገፈፍ፣ በፌስታል ተይዞ የሚሄድ ነገር ነው፤ የማርሽ ራስ፣ የመሪ ሽፋን፣ የዳሽቦርድ ጨርቅ፣ ስፖኪዮ ላይ የሚንጠለጠል። የተከራይ ቤት መጋረጃ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «ቅራቅንቦ» ብሎ ማለፍ የተከራይን ቤት «ግድግዳው አልተቀባም» ብሎ እንደ መንቀፍ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ግን መተቸት ይቻላል፤ ይገባልም። ችግረኛ የሠራው ሁሉ ያምራል ማለት ችግረኛን ማክበር አይደለም።

የማርሽ ራስ ፈራጁ እጅ ነው። በዳገት ከተማ፣ በትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ፣ የሹፌር መዳፍ በቀን እልፍ ጊዜ ይመለስበታል። ከሶማሌ ተራ ሱቆች የሚገዛው ብልጭልጭ ብረት ለዐይን ያምራል፤ ክብደቱም አንድ ጥቅም አለው፤ ዘንጉ ሲገፋ ከራሱ ክብደት ጉልበት ይወስድና ማርሹ ለስለስ ብሎ ይገባል። ዳሩ ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብረት ያቃጥላል፣ በክረምት ማለዳ ደግሞ ይቆረጥማል። ውስጡ አበባ ወይም አብረቅራቂ ነገር የታሸገበት መስተዋት መሳይ ፕላስቲክ ላብ ሲነካው ያዳልጣል። እንጨት ግን ሙቀትንም ቅዝቃዜንም ቶሎ አያስተላልፍም፣ ላብ ይችላል፣ ሲያረጅም ይሻላል። የሹፌሩ ወይራ ያማረችው ስለተወለወለች ብቻ አይደለም፤ የተወለወለችው በሥራ ነው።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። የብዙዎቹ ቶዮታዎች የማርሽ ዘንግ ጫፍ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ሲሆን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዳንድ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ለሌላ መኪና የተሠራ ጌጥ በላስቲክና በክር ተጠቅልሎ በግድ ይገጠምና መንገድ ላይ ይነቀላል። እኒያ ሹፌር ግን እንጨቱ ውስጥ ልኩን ዳዶ አስቀብረዋል። ሁለተኛው መኪና ላይ እንደ መጀመሪያው የገጠመላቸው ለዚህ ነው። ጥሩ ጌጥ ልኩን ያውቃል።

የዚህች ወይራ ተቃራኒ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈው እንጨት መሳይ ነው። እንጨት በመኪና ውስጥ ከጥንት ሠረገላ ሠሪዎች የወረደ ልማድ ነው። እንደ ሮልስ ሮይስና ጃጓር ያሉት የእንግሊዝ መኪናዎች የዋልነት እንጨትን በስሱ ሰንጥቀው፣ ከአንዱ ግንድ የወጣውን ግራና ቀኝ እያመሳሰሉ ይለብጡ ነበር። በእኛ ገበያ ያለው ግን በፕላስቲክ ላይ የታተመ የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። አንባቢ ሊለየው ከፈለገ አንዱን ጉጥ ይመልከትና መንትያውን ይፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ስንዝር ያህል እልፍ ብሎ ያገኘዋል። ዛፍ አንድን ጉጥ ሁለት ጊዜ አያበቅልም። ፀሐይ ሲበዛበት ጠርዙ ይላቀቃል፤ ከሥሩም ያው የምናውቀው ግራጫ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። ፕላስቲክ መሆን ነውር አልነበረም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ይህን ልባጥ ብዙ ጊዜ የማየው ሊሸጥ በተዘጋጀ መኪና ላይ መሆኑም የአጋጣሚ አይመስለኝም። ወይራዋ ለነጂው እጅ ተሠራች፤ ልባጡ ለገዢው ዐይን ተኳለ።

ሰዎች የሚሥቁበትን ጸጉራም የዳሽቦርድ ጨርቅ ግን እኔ እከላከልለታለሁ። ፕላስቲኩን ከፀሐይ ስንጥቅ ያድነዋል፤ የዳሽቦርዱ ነጸብራቅ የፊት መስተዋቱ ላይ አርፎ ሹፌሩን እንዳያሳውረውም ያግዛል። ቅባት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ዳሽቦርድ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ስፖኪዮ ላይ የሚንጠለጠለውን በተመለከተ ግን እምነትን አክብሬ አንድ ቃል ልናገር። መቁጠሪያም ሆነ ሙስባሃ፣ የክለብ ዓርማም ሆነ የሕፃን ጫማ፣ ከዐይን ፊት ሲወዛወዝ እግረኛን ይሸፍናል። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ደግሞ በኤርባጉ ክዳን ላይ የሚለጠፍ ማንኛውም ጌጥ በግጭት ጊዜ ተወርውሮ ፊት ሊመታ ይችላል። ዐይንን የሚጋርድና ሰውን የሚጎዳ ጌጥ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጌጥነቱ ቀርቷል።

ይህን ሐሳብ ያነበብኩለት አንድ ወዳጄ ተቆጣኝ። «ሰውየው የሚያስፈልገው ውል ነው፤ በአንድ ስልክ ከሥራ የማይባረርበት ውል። አንተ ስለ እንጨት ትጽፋለህ!» አለኝ። እውነት አለው። ስድስት ዓመት በሠሩበት መኪና ውስጥ የሰው ሀብት አንዲት የምትፈታ እንጨት ብቻ ከሆነች፣ የእንጨቷ ውበት ሊያጽናናን አይገባም። ሆኖም ወዳጄ የዘለለው ነገር አለ። የሰውየውን በደል የነገረችኝ ይህችው እንጨት ናት። ስለ ቀን ገቢና ስለ ባለንብረት ቀድሞም እሰማ ነበር፤ ኪስ ውስጥ ተከታ የወጣችውን ወይራ እስካይ ድረስ ግን አልገባኝም ነበር። ጌጥ ሲነበብ ባለጌጡም ይነበባል።

ጊዜው ደግሞ እየሄደ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በርክቷል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ በምትዞር ወይም በምትጫን ቁልፍ ያልቃል፤ ፍሪሲዮን የለም፣ ዘንግ የለም፣ የሚፈታም ራስ የለም። ዳሽቦርዱም ሰፊ ስክሪን ሆኗል። ጭሱ ቢቀር ደስ ይለናል። ነገር ግን የሰው መኪና የሚነዳው ሰው አልቀረም፤ እጁን የሚያሳርፍበት የራሱ ነገር መፈለጉም አይቀርም። ምን እንደሚያበጅ አላውቅም፤ እንደሚያበጅ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እስከዚያው ግን አንባቢ ሆይ፣ ተራ ደርሶዎት ጋቢና ሲገቡ ጥቅሱን አንብበው ሲጨርሱ ዐይንዎን ዝቅ ያድርጉ። ማርሹ ላይ ያለችውን ነገር ይዩ። ከወደዷትም ሹፌሩን ከየት እንዳገኟት ይጠይቁ፤ መልሱ ከጥቅሱ ይረዝማል።